በክርክሩ ቀን ሳልናገረው የቀረ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





በዚህ በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ላይ ከተማሪዎች ወገን ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ ባለው ቀን ከተናጋሪ የሚጠበቀው ማመስገንና መልካም መመኘት እንደ ሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ የቆምሁት አንድ ንግግር ለማረም ነው። የማርመውም የሌላ ሰው ንግግር ሳይሆን የራሴን ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት በኅዳር ወር የክርክር ክበባችን፣ «የጭቃ ቤት ሰፈሮች ፈርሰው በፎቅ ቤት ቢተኩ ይሻላል፤ ወይስ ባሉበት ቢታደሱ?» የሚል ርእስ አቅርቦ ነበር። እኔን ዕጣው «ይፍረሱ» ከሚለው ወገን ጣለኝ። ተወልጄ ያደግሁት በአዲስ ከተማ፣ ከመርካቶ ብዙ በማይርቅ ግቢ፣ በቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ የጭቃ ቤትን ክፋት የሚመሰክር ሰው ሲፈለግ ከእኔ የቀረበ አልነበረም። ተናገርሁ፤ ተጨበጨበ፤ ወገናችንም አሸነፈ። ማታ ቤት ገብቼ ድሉን ለአያቴ ነገርኋቸው። አያቴ ዓይናቸውን ከጀበናው ላይ ሳያነሡ፣ «አንተ ልጅ፣ ያሸነፍከው ማንን ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ዛሬ የማቀርበው፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ለዚያ ጥያቄ ያዘጋጀሁትን መልስ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሰፈሩ አመጣጥ ጥቂት ልናገር። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ድሮ የነበረው በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ጣልያን ከተማዪቱን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘበት ጊዜ አራዳን ለራሱ ሰዎች ለማስቀረት ፈልጎ የአገሬውን ሰው ከነገበያው ወደ ምዕራብ ገፋው። መርካቶ የሚለው ስምም ገበያ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። አውራ መንገዶቹ በመሥመሪያ እንደ ተሠመሩ ቀጥ ብለው የሚቋረጡት በዚያን ጊዜው ፕላን ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ መሥመሩ የሚታየው ከአውራ መንገዱ ላይ ብቻ ነው። ከሱቆቹ ጀርባ የገባ ሰው የሚያገኘው ግቢ ውስጥ ግቢ፣ በር ውስጥ በር ነው። ጠላት ከወጣም በኋላ ከጉራጌ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከሌላውም አውራጃ ሥራ ፍለጋ የመጣው ሕዝብ በዚህ ሰፈር ተጠጋ። የሰፈሮቹም ስም ይህንኑ ይናገራል፤ ጎጃም በረንዳ፣ እህል በረንዳ፣ ጭድ ተራ፣ ምናለሽ ተራ ይባላሉ። ስማቸው ስለ ገበያና ስለ ሥራ ይናገራል እንጂ ስለ መኖሪያ የሚናገር የለም።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ከ250 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተቈጥሯል። የክፍለ ከተማው ስፋት ግን ከ7 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ30 ሺህ ሰው በላይ ማለት ሲሆን፣ የሚበዛው ሰው የሚኖረው በምድር ቤት እንጂ በፎቅ ላይ አልነበረም።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። ጭቃ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቁት ለመግለጽ ያህል፣ የባሕር ዛፍ እንጨት እየተጠጋጋ በመሬት ይተከላል፤ በማገር ይያያዛል፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ ይመረጋል፤ በላዩ ቆርቆሮ ይመታበታል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ማገዶ አልቆባት ልትለቀቅ የደረሰችውን ከተማ ያጸናት ያ ዛፍ መሆኑን በታሪክ ትምህርት ተምረናል፤ ቤታችንንም ያቆመው እርሱው ነው።

ጭቃ ቤት ሲሠራ ክፉ ቤት አይደለም። ቀን አያቃጥልም፤ ሌሊት ብርዱ አይበረታም፤ በጥቂት ገንዘብ በጥቂት ቀን ይቆማል። ክፋቱ የሚጀምረው ከእግሩ ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደው ዝናብ ምድር መትቶ ሲፈናጠር የግድግዳውን እግር ይልሰዋል፤ አፈር ውስጥ የገባውም እንጨት ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይጨምርበታል። እግሩ በየጊዜው ከተመረገና የበሰበሰው እንጨት ከተለወጠ ቤቱ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ይኖራል። ካልተደረገለት ግን ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ጎረቤቱን ይደገፋል፤ ጎረቤቱም ሌላውን ይደገፋል። በእኛ ተርታ ያሉት አራት ቤቶች እንዲህ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው። አንዱን ለብቻው አፍርሶ መሥራት የማይቻለውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ከተነሣ ሦስቱ ይከተሉታል። በዚህ ትምህርት ቤት አንዱ በዓለት ላይ፣ አንዱ በአሸዋ ላይ ቤት ስለ ሠሩት ሁለት ሰዎች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምረናል። ጎረቤቱን ተደግፎ ስለ ቆመ ቤት የሚናገር ምሳሌ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

መንገዱም ሌላ ጣጣ ነው። በታደሰ ቍጥር በላዩ አፈርና ድንጋይ ስለሚጨመርበት ከፍ ይላል፤ ቤቱ ግን በነበረበት ይቀራል። አያቴ በሙሽርነታቸው ወደዚህ ቤት ሲገቡ ደፉን ወደ ላይ ተራምደው ነበር፤ ዛሬ ወደ ታች ሁለት ደረጃ እንወርዳለን። ክረምት ሲገባ እናቴ በሩ ላይ በሲሚንቶ ትንሽ ግድብ ሠርታለች፤ ጎርፉ ግድቡን ያለፈ ሌሊት ሁላችንም ተነሥተን በጆግና በሳፋ እየቀዳን ወደ ውጭ እንደፋለን። ውጭ የተደፋው ደግሞ ወደ ታችኛው ጎረቤት ይሄዳል። ስለዚህ ነገር በግቢያችን ብዙ ጠብ ተደርጓል፤ ብዙ እርቅም ወርዷል።

ታዲያ የግድግዳው እግር በጊዜው ለምን አይመረግም? ይህን ለመረዳት አንድ አዋጅ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1967 ዓ.ም. በፊት የአዲስ አበባ መሬት የሚበዛው በጥቂት ባለ ርስቶች እጅ ነበር፤ ከነዋሪውም የሚበልጠው ተከራይ ነበር። የቦታው ባለቤት በግቢው ዙሪያ ተርታ ክፍሎች ያቆምና ያከራያል፤ የእኛም ግቢ የተሠራው እንዲሁ ነው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። ከተወረሱት ቤቶች ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጠው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ የሚበልጠው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ኪራዩም ተቀነሰ፤ የዝቅተኛው ቤት ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። አያቴ ያን ሳምንት ሲያስታውሱ፣ «የቤቱን ጌታ ፊት ሳላይ ወር ያለፈልኝ ያኔ ነው» ይላሉ። ይህን ደስታ ያላየን እኛ ልጆች ልናቃልለው አይገባንም። ቀበሌው ወረዳ ከተባለ ቆይቷል፤ ቤቱ ግን የቀበሌ ቤት እንደ ተባለ ቀርቷል።

ነገር ግን ወርዶ የቀረ ኪራይ ቤት አያሳድስም። በአያቴ ሣጥን ውስጥ በ1985 ዓ.ም. የተቈረጠ ደረሰኝ አለ፤ 7 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል። ከዚያ በኋላ የእንጨቱም፣ የቆርቆሮውም፣ የአናጢውም ዋጋ እየጨመረ ሲሄድ ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ባለበት ቆመ። ባለቤቱ ቀበሌ የሚያድስበት ገንዘብ ከኪራዩ አያገኝም። ተከራዩም ዕቁብ ደርሶት ጥቂት ገንዘብ ቢይዝ ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ቢያነሣ ሊፈርስበት ይችላል፤ ነገ ለልማት ይፈለጋል የሚባለውም ወሬ እጁን ይይዘዋል። በዚህ ዓይነት ሁለቱም ሲጠባበቁ ሃምሳ ዓመት አለፈ። ዝናቡ ግን አልጠበቀም።

ወደ ውጭ መስፋት ያልተፈቀደለት ሰው ወደ ውስጥ ይሰፋል። ቤታችን አራት ሜትር በአራት ሜትር ተኩል ነው፤ በልብስ ሰፊው በጋሼ ሜትር ለክቼዋለሁ። ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ አያቴ በጣውላ ቆጥ አሠሩ፤ ታላላቆች ከታች፣ ልጆች ከላይ እንተኛለን። የቆርቆሮው ሙቀት ስለሚወርድ በበጋ ቆጡ ላይ ተቀምጦ ማጥናት አይቻልም። የ10ኛ ክፍልን የፊዚክስ ትምህርት ያጠናሁት በመንገድ መብራት ሥር ነው፤ ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ከእኔ ጋር አምስት ልጆች ነበሩ፤ እንዲያውም የጥያቄና መልስ ውድድር እናደርግ ነበር።

በክርክሩ ቀን ይህን ሁሉ ተናግሬአለሁ። ስለ መጸዳጃ ቤቱም ተናግሬአለሁ። ለግቢው ሁሉ ያለው አንድ ጉድጓድ ነው። ቁልፉ እንዳይጠፋ ከአንድ ክንድ እንጨት ጋር ታስሮ በምስማር ላይ ይሰቀላል፤ ጠዋት ምስማሩ ባዶ ሆኖ ያገኘ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ጉድጓዱ ሲሞላ ፍሳሽ የሚመጥ መኪና ይጠራል፤ መኪናው ግን በመተላለፊያችን አይገባም፤ ቱቦው እንዲደርስ በሁለት ጎረቤት ግቢ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ለዚያም አስቀድሞ መለማመጥ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ፣ በቤት ተቀመጡ፣ ተራራቁ፣ እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ ተባልን። እኔ ያን ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ሁላችንም በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ ለዘጠኝ ጉልቻ የምትሆነውን አንዲት ቧንቧ እየተሻማን፣ መራራቅ የሚሉት ነገር እንዴት እንደሚደረግ እርስ በርሳችን እንተያይ ነበር።

ስለ እሳትም ተናግሬአለሁ። ቆርቆሮው ከቆርቆሮ የተነባበረ፣ የመብራቱ ሽቦ ከአንድ ቆጣሪ ወደ ብዙ በር የተሳበ ነው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን ቃጠሎ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያን ሌሊት የግቢያችን ሰው ሁሉ ሰነዱን በፌስታል ይዞ ውጭ አድሯል። ከሳር ምንጣፍ እስከ ቴሌቪዥን ያለውን ዕቃ ትቶ ሁሉም የያዘው የቤት ውሉን ነው። ይህን ነገር ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም ነበር።

ከላይ «ለዘጠኝ ጉልቻ» ማለቴን ያስተዋለ ሰው ይኖራል። በክርክሩ ቀን ግን፣ «በግቢያችን አራት ቤተሰቦች በአንድ መጸዳጃ ቤት ይጠቀማሉ» ነበር ያልሁት። አራት ያልሁት በመዝገብ አራት ውል ስላለ ነው። በውል አራት የሆነው ግቢ በጉልቻ ሲቈጠር ዘጠኝ ነው። ሳልናገረው የቀረሁትም፣ አያቴም በጥያቄያቸው የነኩብኝ ይህን ነው።

ዘጠኙ እነማን ናቸው? አንደኛው የእኛ ነው። ሁለተኛው ከእኛው ክፍል በኮምፔንሳቶ የተከፈለው የአጎቴና የሚስቱ ነው። ሦስተኛው የልብስ ሰፊው ጋሼ ሲሆን፣ አራተኛው አግብቶ ከአባቱ ጀርባ ተጠግቶ የሚኖረው ልጃቸው ነው። አምስተኛዋ የወታደር ባለቤት የነበሩ አሮጊት ናቸው፤ ጡረታቸው ስለማይበቃቸው ማድ ቤታቸውን ለአንዲት እንጀራ ጋጋሪ እናት ሰጥተዋል፤ እትዬ የምንላት እርስዋ ከሁለት ልጆችዋ ጋር ስድስተኛ ናት። ሰባተኛው አባትና እናታቸው የሞቱባቸው ወንድምና እኅት ናቸው። እነርሱም ግማሹን ክፍል በእህል በረንዳ ጆንያ ለሚሸከሙ ስድስት ጎልማሶች አካፍለዋል፤ ይህ ስምንተኛው ነው። ከስድስቱ ሁለቱ የሌሊት ጥበቃ ስለሚሠሩ አንዱ ከተነሣበት ፍራሽ ላይ ሌላው ይተኛል። ዘጠነኛው ከግቢው በር ጥግ በቆርቆሮና በሸራ የተጠለሉ ባልና ሚስት ናቸው። በጥር ወር ሴት ልጅ ወልደዋል።

የቀበሌን ቤት ለሌላ ሰው ማከራየት እንደማይፈቀድ ሁላችን እናውቃለን። እንግዲህ በክርክሩ ቀን ዘጠኝ ብዬ ብናገር ኖሮ ጎረቤቶቼን ማጋለጥ ይሆን ነበር፤ አራት ብዬ በመናገሬም አምስቱን ሰረዝኋቸው። ዛሬ የምናገረው ከግቢው ሰዎች ጋር ተመካክረን በፈቃዳቸው ነው፤ የቤቱን ቍጥር ግን አልናገርም፤ የምታውቁትም እንዳትናገሩ እለምናለሁ።

ነገሩ ከክርክር ርእስነት አልፏል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም ካዛንቺስ ሲፈርሱ አይተናል። የክፍል ጓደኞቻችንም ከነዚያ ሰፈሮች ተነሥተው ሄደዋል። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠየቀው ውል ነው። ውል ያለው ሰው ምትክ ቤት ሲጠይቅ የሚናገርበት ወረቀት በእጁ አለ። በማድ ቤት የምትኖረው እትዬ ግን ወረቀት ስለሌላት፣ ቤቱ ሲፈርስ ከቤቱ ጋር ከመዝገብ ትጠፋለች፤ ከመጀመሪያውም አልገባችበትም።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስሕተቴን ልናዘዝ። በክርክሩ፣ «ሰው በዚህ ሰፈር የሚኖረው ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ርካሽ ቤት ሌላ ቦታ ቢሰጠው ደስ ብሎት ይሄዳል» ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ዘጠኙን ጉልቻ እየዞርን፣ ሥራችሁ ምንድን ነው? ከቤት ተነሥታችሁ በስንት ደቂቃ ትደርሳላችሁ? ብለን ጠየቅን። እትዬ ሌሊት በ9 ሰዓት ምጣድ ታሰማለች፤ ጠዋት በ1 ሰዓት እንጀራው ገና ሳይበርድ በአውቶቡስ ተራ አካባቢ ለሚገኙ ምግብ ቤቶች በእግርዋ ታደርሳለች። ተሸካሚዎቹ ሌሊት በ11 ሰዓት የጭነት መኪና ሲገባ መገኘት አለባቸው፤ በዚያ ሰዓት ከሩቅ የሚያመጣቸው አውቶቡስ የለም። ጋሼ መኪናቸውን ከግቢው በር ላይ አውጥተው የሰው ሱሪ ያሳጥራሉ። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ጎማ አምጥቶ ጫማ የሚሠራው ልጃቸውም የሚሠራው በዚያው በግቢው ውስጥ ነው። ከዘጠኙ ጉልቻ በታክሲ ወደ ሥራ የሚሄድ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አጎቴ ነው። ለሌሎቹ ቤቱ ራሱ የሥራ ቦታ ነው፤ ወይም ከሥራ ቦታ በእግር የሚደረስበት ነው። ኪራዩ ነገ እጥፍ ቢሆን እትዬ እያጕረመረመች ትከፍላለች። ኻያ ኪሎ ሜትር ብትርቅ ግን እንጀራዋን የሚገዛት አይኖርም።

ኮንዶሚኒየምን ለማጥላላት አልተነሣሁም። ፕሮግራሙ በ1996 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲደረግ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቧል፤ በ2005 ዓ.ም. ዳግመኛ ሲከፈት የተመዘገበው ከዚያም በልጧል። ሰው ንጹሕ ቤት ባይፈልግ ኖሮ ይህን ያህል አይሰለፍም ነበር። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ለየቤቱ መጸዳጃ አለ፤ ቧንቧ አለ፤ የራስ ቆጣሪ አለ። እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት እንኳ አስበው ሠርተውለታል፤ ይህን ያሰበውን ሰው ላመሰግነው እወዳለሁ። ነገር ግን ትልልቆቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ እነ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮየ ፈጬ፣ በከተማዪቱ ዳር ናቸው። ክፍያውም በ20/80 ከሆነ ሃያው እጅ በቅድሚያ፣ ቀሪው ለባንክ በየወሩ ነው። ከግቢያችን ከዚህ በፊት ዕጣ የደረሳቸው አንድ አባት ነበሩ። ሰባት ወር ኖረውበት ቤቱን አከራዩና ተመልሰው በጎረቤት ግቢ አንድ ክፍል ተከራዩ። የባንኩን ዕዳ የሚከፍሉት በኪራዩ ነው። ልጆቻቸው፣ «አባባ፣ ያን የመሰለ ቤት እያለዎት» ብለው ሲቈጡዋቸው፣ «ቤቱስ ደኅና ነበር፤ እኔ ነኝ እዚያ ሥራ የፈታሁት» ይላሉ።

በመካከለኛው ከተማ ፎቅ መሥራት እንደማይቻል የሚናገሩም አሉ። ይህ ልክ አይደለም። በልደታ የጭቃ ቤቶቹ በተነሡበት ቦታ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ በሰንጋ ተራም የ40/60 ቤቶች ተሠርተው በ2009 ዓ.ም. ዕጣ ወጥቶባቸዋል። የሰንጋ ተራው የተሠራው የዋጋውን አርባ እጅ ለመቈጠብ ለቻለ ሰው ነው እንጂ ለተሸካሚ አይደለም፤ ቢሆንም በዚያ ምድር ላይ ፎቅ ሊቆም እንደሚችል ማስረጃ ነው።

ስለ ዕድርም አንድ ነገር ልጨምር። የመቶ ሰው ድንኳን በግቢያችን አይተከልም፤ መተላለፊያው ተዘግቶ በመንገዱ ላይ ይተከላል እንጂ። ባለፈው ዓመት የወታደር ባለቤት የነበሩት አሮጊት እኅታቸው ሲሞቱባቸው ድንኳኑን የተከሉት፣ አግዳሚውን የተሸከሙት ስድስቱ ተሸካሚዎች ናቸው። በዕድሩ መዝገብ ስማቸው አለ። የወር መዋጮም ይከፍላሉ። በአካባቢያችን ካሉት መዝገቦች ሁሉ ዘጠኙንም ጉልቻ የሚያውቀው የዕድሩ መዝገብ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ፣ «ሐሳብህን ለወጥህ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አልለወጥሁም። ያ ቤት ይፍረስ እላለሁ። እናቴ በክረምት ሌሊት ውሃ እየቀዳች እንድታረጅ አልፈልግም፤ በጥር የተወለደችውም ሕፃን በሸራ ሥር እንድታድግ አልፈልግም። ሳይቈጠር አይፍረስ ነው የምለው። ሲቈጠርም በበርና በውል ሳይሆን በጉልቻ ይቈጠር፤ ከጉልቻውም ጋር ሥራው የት እንደ ሆነ ይጻፍ። በማድ ቤት ለምትኖር እናት ባለ ሁለት መኝታ ቤት ይሰጣት የሚል ሰው የለም። አንድ ክፍል፣ ምድር ቤት፣ ምጣድ የሚችል መብራት ያለው፣ እንጀራዋን በእግርዋ ልታደርስ የምትችልበት ቦታ ላይ ቢሆን እርስዋ ኪራዩን ትከፍላለች። ይህን ስትናገር ሰምቻታለሁ፤ የምትችለውንም ገንዘብ ነግራኛለች።

ባለፈው ክረምት ሦስት ሰዎች ሰሌዳና ወረቀት ይዘው ወደ ግቢያችን መጥተው ነበር። ከየት እንደ መጡ መናገር አያስፈልግም፤ ትሑታን ሰዎች ነበሩ፤ አያቴም ቡና አፍልተውላቸዋል። ውል ያላቸውን ጠየቁ፤ አራት ብለው ጻፉ፤ ግድግዳውን ለክተው፣ ቡናውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። እትዬ ያን ሰዓት በማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ልጅ እግር፣ «እርስዎስ?» ብሎ ጠየቃት። እርስዋም፣ «እኔ እንግዳ ነኝ» ብላ መለሰችለት። በዚያ ማድ ቤት ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖራለች።

እኛ ሦስታችን ያዘጋጀነው መዝገብ በአንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ላይ የተጻፈ ነው። ስም የለበትም፤ ጉልቻ አንድ፣ ጉልቻ ሁለት እያለ ይሄዳል፤ በያንዳንዱ ሥር የሰዉ ብዛት፣ ሥራው፣ ወደ ሥራው የሚወስደው ደቂቃ፣ በወር ሊከፍል የሚችለው ኪራይ ተጽፏል። ከእኛ ግቢ ሌላ እስካሁን ሁለት ግቢዎች ፈቅደውልን ጽፈናል። ከወላጆች መካከል በፕላን ወይም በቤቶች ሥራ ላይ ያላችሁ እንደምትገኙ ስለማውቅ ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ፤ ከበዓሉ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። እትዬም ዛሬ ከወላጆች ጋር በኋለኛው መቀመጫ ላይ ትገኛለች፤ ታላቂቱ ልጅዋ በትምህርት ቤታችን የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጥያቄ ያለው ሰው ከእርስዋው መጠየቅ ይችላል።